ቦዩ ከመሠረቱ ይቅደም፡ የመኖሪያ ቤት ግንባታና የዝናብ ውኃ

በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፡፡ መሠረት፣ ኮለን፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት፣ ልስንና ቀለም እያለ ይሄዳል፡፡ ከዚያ የተረፈ ካለ የግቢ ንጣፍና የውኃ መውረጃ ይሠራል፡፡ የሥራው ዝርዝርና መጠን በሚጻፍበት ሰነድ ላይም የግቢ ሥራ የሚገኘው በመጨረሻው ገጽ ሲሆን፣ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፡፡

ውኃው ግን ይህን ቅደም ተከተል አያውቅም፡፡ ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ይሞላል፡፡ ከመሠረት የወጣው አፈር ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል፡፡ ጣሪያው በተመታ ማግሥት፣ አሸንዳ ገና ሳይሰቀል፣ የጣሪያው ውኃ በሙሉ በግድግዳው ሥር ይወድቃል፡፡ ስለዚህ የዝናብ ውኃ መውጫ የቤት ሥራ መደምደሚያ ሳይሆን መጀመሪያ ነው፡፡ ቀደም ብሎ ሲሠራ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ዘግይቶ ሲሠራ ደግሞ ንጣፍ መስበርን፣ ግንብ ማፍረስንና አንዳንዴም መሠረት ማጠናከርን ያስከትላል፡፡

ምን ያህል ውኃ ነው?

በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል፡፡ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ዋነኞቹ ወራት ናቸው፡፡ ለግንባታ ቦታ ግን ወሳኙ የዓመቱ ድምር ሳይሆን የአንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ነው፡፡

ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው፡፡ በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 10,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 50 ጊዜ ሞልቶ የሚገኘውን ያህል ውኃ ይሆናል፡፡

ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ይሰርጋል፣ ምን ያህሉስ ይፈስሳል የሚለው የሚወሰነው በመሬቱ ገጽ ነው፡፡ በቆርቆሮ ጣሪያና በኮንክሪት ንጣፍ ላይ ከሚወርደው ውኃ ከ80 እስከ 95 በመቶው ይፈስሳል፡፡ ሣር በለበሰ መሬት ላይ ግን የሚፈስሰው እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ከ5 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ነው፡፡ ሣር ለብሶ የቆየ ቦታ በጣሪያና በሲሚንቶ ንጣፍ ሲሸፈን ከግቢው የሚወጣው ውኃ አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፡፡ ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

መሐንዲሶች ለአነስተኛ ቦታዎች የቦታውን ስፋት፣ የዝናቡን ኃይልና የሚፈስሰውን ድርሻ በማባዛት በሰከንድ የሚወጣውን ውኃ ያገኛሉ፡፡ ለምሳሌ 150 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚሆን ኃይል ለጥቂት ደቂቃዎች ዶፍ ቢወርድ፣ ከጣሪያው በሰከንድ 4 ሊትር ያህል ይወርዳል፡፡ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየአምስት ሰከንዱ የሚሞላ ውኃ ነው፡፡

ውኃው ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት፡፡ የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ አቃቂ አካባቢ ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል፡፡ ከእንጦጦ ሥር የሚነሡት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎችም ወንዞች ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ገብተው፣ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፡፡ በከተማዋ ያለ ማንኛውም የግንባታ ቦታ ከዚህ ቁልቁለት አንዱ ቁራጭ ነው፡፡ በላዩ ከፍ ያለ ጎረቤት አለ፤ ከሥሩም ዝቅ ያለ ጎረቤት አለ፡፡

ስለሆነም ዲዛይን ከመሠራቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፡፡ አንደኛ፣ ከላይ ካሉት ግቢዎችና መንገዶች ወደ ቦታው የሚገባ ውኃ አለ? ይህን ለማወቅ የሚሻለው ቦታውን ዝናብ ሲዘንብ ወይም ወዲያው ካባራ በኋላ ሄዶ ማየት ነው፡፡ የአካባቢው ነዋሪዎችም ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠንቅቀው ያውቃሉ፡፡ በአጥር ሥር የተከማቸ ደለል፣ በድንጋይ ላይ የቀረ የጭቃ መስመርና የታጠበ አፈርም የሚናገሩት አላቸው፡፡

ሁለተኛ፣ ከቦታው የሚወጣው ውኃ የሚገባበት ቦይ አለ? ቦዩስ ከግቢው ዝቅ ያለ ነው? የግቢው ውኃ መውጫ ከቦዩ ወለል በታች ከሆነ ውኃው ሊወጣ ቀርቶ የመንገዱ ጎርፍ ራሱ ወደ ግቢው ይመለሳል፡፡

ሦስተኛ፣ የመንገዱ ከፍታ ወደፊት ስንት ይሆናል? በአዳዲስ ሰፈሮች ቤቶቹ ቀድመው ተሠርተው አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፡፡ መንገዱ ተሞልቶ ሲነጠፍ ትናንት ከመንገድ እኩል የነበረ ግቢ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል፡፡ የምድር ቤቱን ወለል ከፍታ ከመወሰን በፊት የመንገዱን ዲዛይን ከፍታ ከሚመለከተው የመንገድ መሥሪያ ቤት መጠየቅ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው፡፡ በአጠቃላይ ወለሉ ከግቢው ንጣፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከመንገዱ የላይኛው ከፍታ ደግሞ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመከራል፡፡

ቦታው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ አንዳንዶች ውኃውን አጠራቅሞ በፓምፕ ማውጣትን እንደ መፍትሔ ይይዙታል፡፡ ፓምፕ ግን የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት፡፡ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ነው፡፡

አፈሩን ሳያውቁ ቦይ አይቆፈርም

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢዎች በስፋት የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው፡፡ ይህ አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይሸበሸባል፡፡ ቀላል የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤትን ከፍ ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ጉልበት አለው፡፡ በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሚወጡ ስንጥቆች፣ አልዘጋ የሚል በር፣ መሐሉ ያበጠ ወለል የዚህ ምልክቶች ናቸው፡፡ ቤቱን የሚጎዳው የአፈሩ እርጥበት መሆኑ ብቻ አይደለም፡፡ በአንዱ በኩል ርሶ በሌላው በኩል መድረቁ፣ በክረምት ርሶ በበጋ መድረቁ ነው የሚጎዳው፡፡ አንድ የሚያፈስ የአሸንዳ መውረጃ የቤቱን አንድ ማዕዘን ብቻ ሊያነሣ ይችላል፡፡

በዚህ አፈር ላይ የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ወይም በሌላ የተመረጠ አፈር መተካት ነው፡፡ ትክክለኛ አሠራር ቢሆንም ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለበት፡፡ ጥቁሩ አፈር ውኃ አያሳልፍም፤ የተሞላው ገረጋንቲ ግን ያሳልፋል፡፡ በመሆኑም ከቤቱ ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይሆንና ከሥር ያለውን ዋልካ ዓመቱን ሙሉ ሲያረጥበው ይኖራል፡፡ መድኃኒቱ የሙሌቱን የላይኛውን ክፍልና ዙሪያውን ውኃ በማያስገባ ንጣፍ መዝጋት፣ መሬቱ የሚፈቅድ ከሆነም ከሙሌቱ ግርጌ ውኃው የሚወጣበት ቱቦ ማስቀመጥ ነው፡፡

በሰሜን በኩል፣ በጉለሌና በየካ ተዳፋቶች ላይ፣ በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈር እንደ ዋልካው አያብጥም፡፡ ነገር ግን ተዳፋቱ ኃይለኛ በመሆኑ ችግሩ የአፈር መታጠብ፣ የቁፋሮ ግድግዳ መናድና የደጋፊ ግንብ መውደቅ ነው፡፡

ከቁፋሮው በፊት፡ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ

አካፋ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ በቦታው የላይኛው ወገን የሚቆፈር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነው፡፡ ዓላማው ከላይ የሚመጣው ውኃ ወደ ቁፋሮው ሳይገባ በጎን በኩል አልፎ እንዲሄድ ማድረግ ነው፡፡ ለጊዜያዊ አገልግሎት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው የአፈር ቦይ ለብዙ ቦታዎች ይበቃል፡፡ ከቦዩ የሚወጣው አፈር በታችኛው ወገን ተከምሮ ሲጠቀጠቅ እንደ ክትር ያገለግላል፡፡ ተዳፋቱ ኃይለኛ ከሆነ ውኃው ቦዩን እንዳይቦረቡር በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ ይደረደራል፡፡

ይህ ቦይ ከተቻለ በዲዛይኑ ላይ ቋሚው ቦይ በሚያልፍበት መስመር ላይ ቢቆፈር ሥራው ሁለት ጊዜ አይከፈልበትም፡፡ ቤቱ ሲያልቅ ያው ቦይ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ይገነባል፡፡

የቁፋሮ አፈርም ቦታ ያስፈልገዋል፡፡ ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይከመር፡፡ በጠርዙ ላይ የተከመረ እርጥብ አፈር የቁፋሮውን ግድግዳ ይጫነዋል፤ ከሥር በሚሠሩ ሰዎች ላይም ሊናድ ይችላል፡፡ ለሙሌት የማይፈለገው አፈር ቶሎ ቢነሣ፣ የሚፈለገው ደግሞ በላስቲክ ወይም በሸራ ቢሸፈን መልካም ነው፡፡

ጉድጓዱ ክፍት ሳለ

የሸክላ ባሕርይ ያለው አፈር ውኃ ሲተኛበት ጥንካሬውን ያጣል፡፡ ትናንት በዶማ የተቆፈረው የመሠረት ወለል ዛሬ እግር የሚያሰጥም ጭቃ ይሆናል፡፡ በዚህ ጭቃ ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት በጭቃ ላይ የቆመ መሠረት ነው፡፡ ስለዚህ ልምድ ያለው ፎርማን የመጨረሻውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ሳይቆፍር ያቆየውና ሊን ኮንክሪት በሚፈስስበት ቀን ያነሣዋል፡፡ አምስት ሳንቲ ሜትሯ ሊን ኮንክሪት ቶሎ ስትፈስስ የመሠረቱን ወለል ከዝናብ ትከላከላለች፡፡

ዝናብ ከደረሰበት ደግሞ ከጉድጓዱ ዝቅተኛ ማዕዘን ላይ፣ ከመሠረቱ መስመር ውጪ፣ አነስተኛ የውኃ ማጠራቀሚያ ተቆፍሮ ውኃው በፓምፕ ይወጣል፡፡ ውኃው ከወጣ በኋላ የላላው ጭቃ ተጠርጎ መነሣት አለበት፡፡ በጭቃው ላይ ድንጋይ ወይም ጠጠር በትኖ ማለፍ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም፡፡

ከዚህ ሁሉ በላይ ውኃ የያዘ ጉድጓድ የሰው ሕይወት ያጠፋል፡፡ በየክረምቱ ለግንባታ ተቆፍረው ክፍት በተተዉና ውኃ ባቆሩ ጉድጓዶች ውስጥ ገብተው ሕይወታቸው ስላለፈ ሕፃናትና ታዳጊዎች መስማት የተለመደ አሳዛኝ ዜና ነው፡፡ ሥራው የሚቋረጥ ከሆነ ጉድጓዱ መደፈን ይኖርበታል፡፡ ካልተቻለ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ እንጨት መታጠር አለበት፡፡ ቢጫ ሪባን መወጠር አጥር አይደለም፡፡

ደጋፊ ግንብን የሚጥለው ውኃ ነው

በተዳፋት ቦታ ላይ ለሚሠራ ቤት ደጋፊ ግንብ የግድ ይሆናል፡፡ ይህ ግንብ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ግንበኛው ወይም ሲሚንቶው ነው፡፡ ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፡፡ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ግንብ ከጀርባው ውኃ ቢሞላበት ከግርጌው ላይ የሚያርፈው የውኃ ግፊት ብቻ በካሬ ሜትር ሦስት ቶን ያህል ነው፡፡ በአንድ ሜትር ርዝመት ግንብ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ የውኃ ግፊት ደግሞ አራት ቶን ተኩል ይደርሳል፡፡ ከጀርባው ያለው አፈር ደረቅ ቢሆን ኖሮ በዚያው አንድ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ለተለመደ የሙሌት አፈር ከሦስት ቶን በታች ነበር፡፡ ውኃ የሌለበትን አፈር እንዲይዝ የተሠራ ግንብ ውኃው ሲታከልበት ጭነቱ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምራል፡፡

መከላከያው ርካሽ ነው፡፡ ግንቡ ሲሠራ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የቱቦ ቁራጮች ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር እየተራራቁ፣ ወደ ውጪ ትንሽ አዘንብለው ይቀበራሉ፡፡ ከግንቡ ጀርባ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውፍረት በንጹሕ ጠጠር ይሞላል፡፡ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል ቢገባ አፈሩ ጠጠሩን አይደፍነውም፡፡ ቱቦውን ቀብሮ ከጀርባው ጭቃ መሙላት ግን ቀዳዳውን ለይስሙላ ማስቀመጥ ነው፡፡ ግንቡ ከተለሰነ በኋላ ልስኑ ቀዳዳዎቹን አለመድፈኑን ማየትም አይዘንጋ፡፡

አሸዋው የማን ቦይ ውስጥ ይገባል?

በየሰፈሩ መንገድ ዳር የሚወርደው አሸዋና ጠጠር አንድ ዝናብ ሲመታው ከፊሉ ወደ መንገዱ ቦይ ይገባል፡፡ ባለቤቱ የሚቆጥረው የጠፋውን አሸዋ ነው፤ ሰፈሩ የሚቀበለው ደግሞ የተደፈነ ቦይ ነው፡፡ ቦዩ ሲደፈን ውኃው አስፋልቱ ላይ ይወጣና ዝቅ ወዳለው ግቢ ይገባል፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ ሰው እስከ መግደል መድረሱ ሲታወስ፣ የቦዮች ክፍት ሆኖ መቆየት የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባል፡፡

ከግንባታ ቦታ የሚወጣ ውኃ ወደ መንገድ ቦይ ከመግባቱ በፊት ደለሉን የሚጥልበት ጉድጓድ ያስፈልገዋል፡፡ ለአንድ መኖሪያ ቤት ግንባታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውና በየጊዜው የሚጠረግ ጉድጓድ ብዙ ደለል ያስቀራል፡፡ አሸዋና ጠጠር በብሎኬት ታጥሮ ከቦዩ ርቆ ይቀመጥ፡፡ የኮንክሪት ማቡኪያ የታጠበበት ውኃም ወደ ቦይ መደፋት የለበትም፡፡ ሲሚንቶው በቱቦ ውስጥ ይደርቃል፤ ውኃው ደግሞ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል በመሆኑ ወንዝ ውስጥ ያለውን ሕይወት ይጎዳል፡፡

ቋሚው መስመር፡ ከአሸንዳ እስከ መንገድ

ቤቱ ቆሞ ሲያልቅ የሚቀረው የውኃ መስመር አምስት ክፍሎች አሉት፡፡

የመጀመሪያው አሸንዳ ነው፡፡ በአንድ ሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፡፡ ሁለተኛው መውረጃ ቱቦ ነው፡፡ ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የቱቦ አፍ መያዝ የቆየ የአሠራር ልክ ነው፡፡ በዚህ መሠረት አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ90 ካሬ ሜትር ጣሪያ ለሚወርድ ውኃ ይበቃል፡፡ ለ150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ሁለት መውረጃ ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡ ቱቦው ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ማለቅ የለበትም፡፡ እስከ ቦዩ ድረስ መድረስ አለበት፡፡

ሦስተኛው በቤቱ ዙሪያ የሚነጠፈው ኮንክሪት ነው፡፡ ስፋቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ሆኖ በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጪ ይዘንብል፤ በዋልካ አፈር ላይ ሰፋ ቢል ይመረጣል፡፡ ንጣፍ በሌለበት የአፈር ግቢ መሬቱ ከቤቱ በሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረጋል፡፡ ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ንጣፉ ከሁለት ክረምት በኋላ ወደ ቤቱ ያዘነብላል፡፡ ያን ጊዜ ውኃውን የሚያርቅ ሳይሆን የሚያቀርብ ይሆናል፡፡

አራተኛው ቦዩ ነው፡፡ እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች ስፋትን ከተዳፋት ያስበልጣሉ፡፡ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ የኮንክሪት ቦይ በሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ካዘነበለ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ በሰከንድ 30 ሊትር ያህል ያሳልፋል፡፡ 500 ካሬ ሜትር የሆነና በሙሉ የተሸፈነ ግቢ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚሆን ዶፍ የሚያወጣው ግን ከ14 ሊትር አይበልጥም፡፡ ከላይ የሚመጣ የሌላ ሰው ውኃ እስከሌለ ድረስ ትንሹ ቦይ ይበቃል፡፡ ቦይ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ጠቦ ሳይሆን ተዳፋቱ ተበላሽቶ፣ በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ወይም መውጫ አጥቶ ነው፡፡ ተዳፋቱን በዓይን መገመት አይበቃም፡፡ ውኃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፡፡

አምስተኛው ከመንገዱ ቦይ ጋር የሚገናኝበት ነው፡፡ ከመውጫው በፊት ደለልና ቅጠል የሚያስቀር ክዳን ያለው ጉድጓድ ይሠራ፡፡ በውጪ በኩል የብረት ፍርግርግ ስለሚሰረቅ ቀዳዳ ያለው የኮንክሪት ክዳን ይሻላል፡፡ ማገናኛውንም የመንገዱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ሳያውቀው መንገድ ሰብሮ መሥራት አይገባም፡፡

የዝናብ ውኃና የመጸዳጃ ፍሳሽ ለየቅል መሆናቸው ደግሞ ሊሠመርበት ይገባል፡፡ የዝናብ ውኃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ሲገባ ታንኩ ሞልቶ ያልተብላላ ፍሳሽ ወደ ግቢው ይወጣል፡፡ የመጸዳጃ ፍሳሽ ወደ ዝናብ ቦይ ሲገባ ደግሞ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይገባል፡፡

ማስረግ ወይስ ማጠራቀም?

ሁሉንም ውኃ ወደ መንገድ መልቀቅ የግድ አይደለም፡፡ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን፣ ሣርና የአትክልት ቦታ የተወሰነውን ያሰርጋሉ፡፡ አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ ከሆነ በድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል፡፡ ይህ ጉድጓድ ከማንኛውም መሠረት ቢያንስ አምስት ሜትር መራቅ አለበት፡፡ አስቀድሞም ጉድጓዱን ውኃ ሞልቶ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰርግ መፈተሽ ያስፈልጋል፡፡ በዋልካ አፈርና ከደጋፊ ግንብ በላይ ባለ ቦታ ግን ማስረጊያ አይሠራም፡፡ በመጀመሪያው ውኃው አይሰርግም፤ በሁለተኛው ግንቡን ይጫናል፡፡

ማጠራቀም ግን በየትኛውም አፈር ያዋጣል፡፡ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚዘንብበት 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ወደ 96,000 ሊትር መሰብሰብ ይቻላል፡፡ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ጥሩ ዝናብ ይሞላል፡፡ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውኃ፣ የጣሪያውን አቧራ ስለሚይዝ፣ ለይቶ መልቀቅ ይገባል፡፡ የቀረው ለጽዳት፣ ለአትክልት፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ግንባታው ገና ካላለቀም ኮንክሪት ለማጠጣት ይውላል፡፡ የሮቶው ትርፍ ውኃ መውጫ ግን ወደ ቦዩ መገናኘት አለበት፤ ሮቶ በክረምት ሙሉ ነውና፡፡

ጎረቤትና ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር ማድረግ እንደሌለበት ይደነግጋል፡፡ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰም የመካስ ግዴታ እንዳለበት አንቀጽ 2028 ያስረዳል፡፡ ጣሪያውን ወደ ጎረቤት አጥር ያዘነበለ፣ ወይም የግቢውን ውኃ ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ግቢ የለቀቀ ሰው እነዚህን አንቀጾች ቢያስታውስ ይበጀዋል፡፡ ከፍርድ ቤት በፊት ያለው መንገድ ግን አጭር ነው፡፡ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከላይና ከታች ካሉ ጎረቤቶች ጋር ቆሞ ውኃው በየት እንደሚያልፍ መስማማት፣ አስፈላጊ ከሆነም ወጪ ተጋርቶ አንድ የጋራ ቦይ መሥራት ይቻላል፡፡ የጎረቤት ግድግዳና አጥር ላይ ቀድሞ የነበሩ ስንጥቆችን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥም ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል፡፡

ከሥራ ተቋራጭ ጋር በሚደረገው ውልም የውኃ ነገር በጽሑፍ ይግባ፡፡ ይኸው ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንደሚሆን ይናገራል፡፡ ሆኖም የውኃ መውረጃውን ለቁጠባ ሲል ያሰረዘው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ፣ መሠረቱ ሲሰነጠቅ ተቋራጩ መከራከሪያ አያጣም፡፡ በውሉ ላይ መቀልበሻ ቦይ፣ ውኃ የማውጣት ሥራ፣ የደለል ጉድጓድና ቋሚው ቦይ ለየብቻ መጠንና ዋጋ ተሰጥቷቸው ቢቀመጡ፣ የመጀመሪያው ክፍያም መቀልበሻ ቦዩ ከተሠራ በኋላ እንዲሆን ቢደረግ ነገሩ ይጠብቃል፡፡

በየወሩ ምን ይሠራ?

ለአዲስ አበባና ተመሳሳይ የአየር ንብረት ላላቸው ከተሞች የሥራው መርሐ ግብር እንዲህ ሊሆን ይችላል፡፡

በክረምት፣ ቁፋሮ ሳይጀመር፣ የውኃውን አካሄድ በቦታው ላይ ማየት፡፡ ከጥቅምት እስከ ጥር መቀልበሻ ቦዩን ቆፍሮ መሠረቱንና ደጋፊ ግንቡን መጨረስ፡፡ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ቦዩ በትክክል መሥራቱን መፈተሽ፡፡ በግንቦት ቦዮችንና የደለል ጉድጓዶችን መጥረግ፣ ክፍት የቀሩ ጉድጓዶችን መድፈን፣ አሸዋውን መሸፈን፡፡ ጣሪያ ተመቶ ከሆነም ጊዜያዊ ቢሆን እንኳ አሸንዳና መውረጃ ሳይሰቀል ሰኔ እንዳይገባ ማድረግ፡፡ በክረምቱ አዲስ ቁፋሮ አለመክፈት፤ ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ዝናብ በኋላም ቦታውን ዞሮ ማየት፡፡ በመስከረም መጨረሻ ደግሞ የታየውን ጉድለት መዝግቦ በበጋው ማረም፡፡

አበው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ፡፡ ቦታው ገና ባዶ መሬት ሳለ የውኃውን መንገድ ለማስተካከል አካፋና የላስቲክ ቱቦ ይበቃሉ፡፡ ቤቱ ቆሞ፣ አጥሩ ተገንብቶ፣ ግቢው ከተነጠፈ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት መጀመሪያ የተሠራውን ማፍረስ ግድ ይላል፡፡